ከገነተ ልዑል በር፦ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክና የቤተ ክርስቲያን ድርሻ

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዓርማ ላይ አንድ የግእዝ ቃል ተጽፏል። ቃሉ የቅዱስ ጳውሎስ ነው። ሐዋርያው ወደ ተሰሎንቄ ሰዎች በላከው የመጀመሪያ መልእክቱ (5፥21) ምእመናን ሁሉን እንዲፈትኑ፣ መልካም ሆኖ ያገኙትንም አጽንተው እንዲይዙ ያዘዘበት ነው። የዩኒቨርሲቲው ምሩቃን በየዓመቱ ይህን ዓርማ የያዘ ማስረጃ ተቀብለው ይወጣሉ። ቃሉ ስለ ምን በግእዝ እንደ ተጻፈ፣ ስለ ምንስ ከፈላስፋ ሳይሆን ከሐዋርያ እንደ ተወሰደ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይደለም።

ስለ ሀገራችን ከፍተኛ ትምህርት ሲነገር ታሪኩ ከ1943 ዓ.ም. ይጀመርና ቤተ ክርስቲያን ከአጥሩ ውጭ የቆመች ትመስላለች። በሌላ ወገን ደግሞ ዩኒቨርሲቲውን የክህደት መፍለቂያ አድርገው ብቻ የሚያዩት አሉ። ሁለቱም አነጋገር ጎደሎ ነው። ይህ ተቋም ሲመሠረትም፣ ሲያድግም፣ ሲፈተንም ቤተ ክርስቲያናችን በውስጡ ነበረች፤ የነገረ መለኮት ትምህርቷም በአንድ ወቅት ከሕግና ከምህንድስና ጋር እኩል ቆጥሮ የሚያስተምራት ቦታ ነበራት። ያ ቦታ እንዴት እንደ ተገኘና እንዴት እንደ ታጣ በዚህ ጽሑፍ እናያለን።

ከዩኒቨርሲቲው አስቀድሞ

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችንን «ዩኒቨርሲቲ» ብሎ መጥራት በዘመናችን የተለመደ ሆኗል። ስሙን አንነፍጋቸውም፤ ነገር ግን ልዩነቱን ማወቅ ይበጃል። በአብነቱ ሥርዓት ትምህርቱ ያለው በሕንፃው ሳይሆን በመምህሩ ነው። ተማሪው ለቅኔ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ፣ ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ወደ ዙር አባ፣ ለቅዳሴ ወደ ደብረ ዓባይ፣ ለመጻሕፍት ትርጓሜ ደግሞ ወደ ጎንደር ይሄዳል። አኩፋዳውን ይዞ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ በጎጆ አድሮ ይማራል። የምስክር ወረቀቱም መምህሩ «ይህ ልጅ አስመስክሯል» ማለቱ ነው። ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ በዚህ መንገድ የተመላለሱ ሊቃውንት ነበሩን፤ ዛሬም አሉን።

ሀገሪቱ ዘመናዊ ትምህርት በጀመረችበት ጊዜ የቤተ ክርስቲያን አቋም ምን እንደ ነበረ ብዙ ጊዜ በአጭሩ «ተቃወመች» ተብሎ ይታለፋል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ስም የሚጠራው ትምህርት ቤት ሲከፈት ብፁዕ አቡነ ማቴዎስ ስጋት እንደ ነበራቸው እውነት ነው። የተገኘው መፍትሔ ግን መምህራኑን ከእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ልጆች፣ ከግብፃውያን ቅብጦች መካከል ማምጣት ሆነ። ስጋቱ ትምህርትን በመጥላት የመጣ ቢሆን ኖሮ ይህ መፍትሔ ባልበቃው ነበር። ጥያቄው ማን ያስተምራል፣ ከትምህርቱስ ጋር ምን ይገባል የሚል ነበር። ይህ ጥያቄ ከአርባ ዓመታት በኋላ ተመልሶ መጥቷል።

ከዚያ በፊት ግን የፋሺስት ወረራ መጣ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ የኔፕልስ ልዑል መወለዱን ምክንያት አድርጎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ለድሆች ምጽዋት በሚሰጥበት ሰዓት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ጣሉበት። የዛሬው የስድስት ኪሎ ዋና ግቢ ያ ቦታ ነው። በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደው እልቂት ይታወቃል። የጠላት ጦር የተማረውን ወጣት እየለየ መግደሉም ይታወቃል። ግራዚያኒ በዚህ አልበቃውም፤ ቦምብ ጣዮቹን ረድተዋል በሚል ክስ ፊቱን ወደ ደብረ ሊባኖስ አዞረ። የአባታችን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የፍልሰተ ዐፅም በዓል በተከበረ ማግሥት፣ ግንቦት 13 ቀን፣ በጄኔራል ማሌቲ የሚመራው ጦር መነኮሳቱን ከገዳሙ አውጥቶ ረሸናቸው። ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም የመነኮሳቱን ቁጥር 297 አድርጎታል። ከቀናት በኋላ 129 ዲያቆናት በደብረ ብርሃን አቅራቢያ ተገድለዋል። ዘግይተው የተደረጉ ጥናቶች የሰማዕታቱ ቁጥር ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ አሳይተዋል።

ይህን እዚህ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ተማሪዎች መጻሕፍት ይዘው የሚመላለሱበት ያ ግቢና የደብረ ሊባኖስ ገደል በአንድ የደም መስመር የተያያዙ ናቸው። በግቢው ውስጥ ፋሺስቶች ለአገዛዛቸው ዓመታት መታሰቢያ፣ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን እያደረጉ ያቆሙት ጠመዝማዛ ደረጃ አሁንም አለ። ከነጻነት በኋላ አላፈረሱትም፤ በአናቱ ላይ የይሁዳን አንበሳ አስቀመጡበት እንጂ። ከበሩ ፊት ለፊትም የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ቆሟል።

ከ1943 እስከ 1954 ዓ.ም.

ከነጻነት በኋላ ሀገሪቱ የተማረ ሰው አጥታ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመጀመሪያውን ከፍተኛ ተቋም እንዲያቋቁሙ የመረጡት ካናዳዊውን ዶክተር ሉስየን ማትን ነበር። ማት የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበሩና የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ናቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ታኅሣሥ 2 ቀን 1943 ዓ.ም. በአራት ኪሎ ትምህርት ጀመረ።

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። ኢየሱሳውያን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በሀገራችን ላይ ያመጡት ፈተና፣ ስለ ተዋሕዶ የፈሰሰው ደም፣ በ1624 ዓ.ም. ንጉሡ ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መልሶ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ መልቀቁ አይረሳም። ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ የዚያው ማኅበር ልጆች የሀገሪቱን ልጆች እንዲያስተምሩ ተጠሩ! ነገር ግን የተጠሩት በጽኑ ውል ነበር፤ የክህነት ልብሳቸውን አውልቀው እንደ ማንኛውም ሰው ለብሰው እንዲያስተምሩ፣ ሃይማኖታቸውንም እንዳይሰብኩ። ውሉንም አክብረውታል። እኛ ይህን በአስተዳደር ጥበብ ደረጃ ከፍ አድርገን እናየዋለን። መልካሙን መያዝ፣ ሌላውን መተው ማለት ይህን ይመስላል።

ኮሌጁ በ1946 ዓ.ም. ቻርተር አገኘ፤ የመጀመሪያ ምሩቃኑንም በዚያው ዓመት አስመረቀ። ጎን ለጎንም የምህንድስና ኮሌጅ፣ የሕንፃ ኮሌጅ፣ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅና የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እየተቋቋሙ ነበር። ቤተ ክርስቲያንም አልተኛችም። ከነጻነት ማግሥት በ1930ዎቹ አጋማሽ የተከፈተው የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ትምህርት ቤት የአብነት ትምህርት የቀመሱ ልጆችን ተቀብሎ ዘመናዊውን ትምህርት ይጨምርላቸው ነበር። በ1953 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ኮሌጅ ደረጃ ከፍ አለ።

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ተደረገ። የክብር ዘበኛ መኮንኖች መኳንንቱንና ሹማምንቱን በገነተ ልዑል አግተው፣ ሙከራው ሲከሽፍ በአረንጓዴው አዳራሽ ውስጥ በጥይት ፈጇቸው። ራስ ሥዩም መንገሻና ራስ አበበ አረጋይ እዚያ ወደቁ። የንጉሠ ነገሥቱ ንስሐ አባት አባ ሐና ጅማም አብረው ተገደሉ። ንጉሡ ወደዚያ ቤት ለመኖር አልተመለሱም። ዓመቱ ገና ሲሞላ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ቤተ መንግሥቱን ለትምህርት ሰጡ፤ ተበታትነው የነበሩት ኮሌጆችም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ስም አንድ ሆኑ። አስቀድሞ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጥናት አድርገውለት ስለ ነበር አደረጃጀቱ ከፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ካናዳውያን መንገድ ይልቅ ወደ አሜሪካው ያዘነበለ ሆነ። ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም፣ ከእርሳቸውም በኋላ ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ በፕሬዚዳንትነት መሩት።

ሁለት ጊዜ ደም የፈሰሰበት ቤት የትምህርት ቤት መሆኑን ብዙዎች እንደ ፖለቲካ እርምጃ ብቻ ይተረጉሙታል። ሊሆን ይችላል። ሆኖም የንስሐ አባቱ በተገደሉበት ቤት ላይ አንድ ሰው ማድረግ ከሚችለው ሁሉ ይህ የተሻለው ነበር እንላለን።

ነገረ መለኮት በዩኒቨርሲቲ ውስጥ

ከዩኒቨርሲቲው መሥራች ክፍሎች መካከል አንዱ የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅ ነበር። ይህ ብዙም የማይነገር የታሪኩ ክፍል ነው። ነገረ መለኮት ያጠና ዲያቆን ሕግ ካጠናው ጓደኛው ጋር በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ቻንስለር እጅ ዲግሪ ይቀበል ነበር።

ኮሌጁ ከእኅት አብያተ ክርስቲያናት መምህራንን ተቀብሏል። ከእነዚህ መካከል በየል ዩኒቨርሲቲ የተማሩት የሕንድ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ካህን ዶክተር ቪ. ሲ. ሳሙኤል በተለይ ሊታወሱ ይገባል። እርሳቸው የኬልቄዶንን ጉባኤ ከቅዱስ ሳዊሮስ ዘአንጾኪያ ትምህርት ጋር እያስተያዩ የመረመሩ ሊቅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 በዴንማርክ አርሁስ ከተማ የተጀመረውና የምሥራቅና የኦርየንታል ኦርቶዶክስ ሊቃውንት በነገረ ክርስቶስ ላይ የተወያዩበት ጉባኤ ተሳታፊ ነበሩ፤ በጉዳዩ ላይ የጻፉት መጽሐፍም እስከ ዛሬ በዓለም የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች ይነበባል። እንዲህ ያለ ሊቅ በአዲስ አበባ ቆሞ ለኢትዮጵያውያን ደቀ መዛሙርት ያስተምር ነበር። በጥር 1957 ዓ.ም. የኦርየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመታት በኋላ በአንድ ጉባኤ የተሰበሰቡትም በዚሁ ከተማ ነው። የወቅቱ አዲስ አበባ ለተዋሕዶ ትምህርት ምን ያህል ማዕከል ሆና እንደ ነበር ከዚህ እንረዳለን።

በሌላው የዩኒቨርሲቲው ወገንም የቤተ ክርስቲያን ሀብት ሥራ ላይ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ። ሪቻርድ ፓንክኸርስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ፤ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱንና ቤተ መዘክሩን አደራጁ። ዛሬ በገነተ ልዑል ሰገነት ላይ የሚታዩት ሥዕለ አድኅኖዎችና መስቀሎች፣ በመጋዘኑ ያሉትም የብራና መጻሕፍት የተሰበሰቡት በዚያ ድካም ነው። ያ ባይሆን ኖሮ ስንቱ በጎብኚ ሻንጣ ይወጣ እንደ ነበር ማሰብ አያስቸግርም።

እ.ኤ.አ. በ1972 ሁለት ታላላቅ የታሪክ መጻሕፍት ታተሙ፤ የዶክተር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ የጥንቱና የመካከለኛው ዘመን የኢትዮጵያ ታሪክ፣ እንዲሁም የዶክተር ታደሰ ታምራት ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት። ሁለቱም የዩኒቨርሲቲው መምህራን ነበሩ። ሁለቱም የጻፉት ገድላትን፣ ዜና መዋዕልንና በገዳማት ወንጌሎች ኅዳግ የተጻፉ የርስት ማስታወሻዎችን አንብበው ነው። ገድልን እንደ ተረት የሚንቅ ምሁር ባለበት ዘመን እነዚህ ሰዎች ገድል ሲጠየቅ ታሪክ እንደሚመልስ በሥራ አሳዩ። ገድል የሚነበበው በመጀመሪያ ለበረከት መሆኑን አንረሳም፤ ነገር ግን የነገሥታት ስም፣ የቦታ ስም፣ የክርክርና የስደት ወሬ በውስጡ ተቀምጧል።

በ1960ዎቹ አጋማሽም ሌላ ታላቅ ሥራ ተጀመረ። መንበረ ፓትርያርኩ በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ካለው የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍትና ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በየአድባራቱና በየገዳማቱ ያሉትን መጻሕፍት በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመረ። በዓመታት ውስጥ ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት ተቀርጸዋል። ዋናው በእሳት፣ በጦርነት ወይም በስርቆት ቢጠፋ ቃሉ እንዳይጠፋ የተደረገ ነው።

የተቆረጠው ቅርንጫፍ

በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ አደባባይ ወጡ። ጥያቄው ስለ ድሃው የተነሣ ነበር፤ ከወንጌል የራቀ ጥያቄም አልነበረም። እያደር ግን የጠየቁበት ቋንቋ ከማርክስና ከሌኒን የተወሰደ ሆነ። በዚህ ቤተ ክርስቲያን ነጻ አይደለችም፤ ሰፊ የርስት ባለቤት ስለ ነበረች ለወጣቶቹ ጥያቄ በጊዜው መልስ የሚሰጥ አንደበት አላገኘችም። በመንፈሳዊ ኮሌጁና በሌሎቹ ፋኩልቲዎች መካከል የነበረው ድልድይም ይህን ለማድረግ ገና ጠባብ ነበር።

ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በ1967 ዓ.ም. ተማሪዎቹና መምህራኑ ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ተላኩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ባዶ ሆነ። ስሙም ተለውጦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በቀይ ሽብር ዘመን ስንት ተማሪ እንደ ወጣ እንደ ቀረ እናቶች ያውቃሉ። መንፈሳዊ ኮሌጁ በበኩሉ ከዩኒቨርሲቲው ተለየ፤ ቀጥሎም ተዘጋ፣ ንብረቱም ተወረሰ። ለዘመናዊ መንፈሳዊ ትምህርት ብዙ የደከሙት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም.ም በግፍ ተገደሉ።

የአንድ ሰው ታሪክ የዚያን ዘመን ጉዳት ከብዙ ቃል ይልቅ ይናገራል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የአብነት ትምህርት ቀምሰው፣ በካይሮ የቅብጥ መንፈሳዊ ኮሌጅ፣ በጀርመን ቱቢንገን ተምረው በዩኒቨርሲቲው ግእዝና ሴማዊ ቋንቋዎችን ያስተምሩ ነበር። በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ ወታደሮች በቤታቸው ላይ በከፈቱት ተኩስ ተመትተው ዕድሜያቸውን በሙሉ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ አሳለፉ። ሀገራቸውን ትተው ኮሌጅቪል ገቡ፤ ከኢትዮጵያ ገዳማት በማይክሮፊልም የሄዱትን መጻሕፍት እያነበቡ፣ እየዘረዘሩ፣ እየተረጎሙ ከአርባ ዓመታት በላይ ሠሩ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. አረፉ። የስድስት ኪሎ ተማሪ ከእርሳቸው አፍ ሊሰማ የሚገባውን ትምህርት ዓለም ከሚኒሶታ ሰማው።

ከዚያ ወዲህ

ደርግ በወደቀበት በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ብላቴ የጦር ማሠልጠኛ ተልከው ነበር። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ለጸሎት የተሰባሰቡ ወጣቶች በኋላ በየዩኒቨርሲቲው ለተስፋፉት የግቢ ጉባኤያት መነሻ ከሆኑት መካከል ናቸው። ከመምህራን ወንበር የወጣው ትምህርተ ሃይማኖት በተማሪዎች የምሽት መርሐ ግብር ተመልሶ ገባ ማለት ነው። መንፈሳዊ ኮሌጁንም የቀድሞ ተማሪው የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ከሆኑ በኋላ ዳግም አስከፈቱት፤ ዛሬ ቅድስት ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባላል። ነገር ግን የተመለሰው ለብቻው ነው። ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው አንድነት አልተመለሰም።

መለየቱ ጥቅም የለውም አንልም፤ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ትምህርቷን ራሷ ትወስናለች። ጉዳቱ ግን በሁለቱም ወገን ይታያል። በአንደኛው ግቢ ነገረ መለኮት የሚማሩት ደቀ መዛሙርት የሕግ፣ የታሪክና የሕክምና ተማሪዎችን ጥያቄ በየቀኑ አይሰሙም። በሌላኛው ግቢ የብራና መጻሕፍትን የሚያጠኑ ተማሪዎች ብራናው የሚዜምበትን ቤት ከውጭ ያውቁታል።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሀገሪቱ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ራስ ገዝ ማለት አስተዳደሩን፣ ተማሪ አቀባበሉንና ገቢውን በአብዛኛው ራሱ የሚወስን ማለት ነው። ክፍያ በሚታሰብበት ሥርዓት ገንዘብ የማያስገኙ የትምህርት ክፍሎች ምን ይሆናሉ? የፊሎሎጂ ትምህርት፣ የግእዝ ምንባብ፣ የብራና ጥናት ተመራቂ የሚጠብቀው ከፍ ያለ ደመወዝ የለም። እነዚህን የሚማር ሰው ከጠፋ ደግሞ በገነተ ልዑል መጋዘን ያሉት መጻሕፍት ተጠብቀው የማይነበቡ ይሆናሉ።

ይህ ጉዳይ ለመንግሥት ብቻ የሚተው አይደለም። ድጓ ያስመሰከረ፣ ቅኔ የሚቀኝ፣ አራቱን ጉባኤ የዘለቀ መምህር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ከሌለው በእነዚያ ክፍሎች ተማሪ ሆኖ እንኳ መግባት አይችልም፤ ውጤቱ ያለው ወጣት ደግሞ ብዙ ጊዜ ግእዙን የሚጀምረው ከፊደል ነው። አድባራትና ሀገረ ስብከቶች የአብነት ተማሪዎቻቸውን የማታ ትምህርት እንዲማሩ ቢያግዙ፣ ምእመናንም ለፊሎሎጂ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ ቢደግፉ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። በአንዳንድ የአብነት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ቀን ቅኔ እየቆጠሩ ማታ ወደ አቅራቢያው የመንግሥት ትምህርት ቤት መሄድ ጀምረዋል፤ የሚጎድላቸው ኩራዝና ደብተር ነው።